ዋጋውን ቆርጣችሁ አትንገሩን

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። የቸኮላችሁ እለፉት። ለመከራከር የመጣችሁ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ተከራከሩ። ታሪኩንም አስቀድሜ ስለምናገር፣ ሳላየው እንዳይበላሽብኝ የምትሉ እዚህ ላይ ተመለሱ።

ሰሞኑን ፊልም እንሠራለን ከሚሉ ወጣቶች ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። ሐሳባቸው ይኼ ነው፦ «ማዶካ ማጊካ» የተባለውን የጃፓን አኒሜ ወደ አማርኛ እናምጣው፤ 12ቱን ክፍል በአንድ የሁለት ሰዓት ፊልም እንንገረው፤ ልጆቹን የሀበሻ ቀሚስ እናልብሳቸው፤ ትልቁን ውጊያ ላሊበላ ላይ፣ ከተቻለም ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውስጥ እናድርገው፤ ጨለማውን ደግሞ ቀነስ እናድርግለት፤ ሕዝባችን በቂ ጨለማ አይቷልና።

እኔ ይምጣ ባይ ነኝ። ልጆቹ ቀሚስ ቢለብሱም ደስ ይለኛል። የምቃወመው «ጨለማውን ቀነስ እናድርግለት» የምትለዋን ነው። እዚያ ታሪክ ውስጥ ጨለማ የምትሉት ነገር ለማስፈራሪያ የተቀባ ቀለም መስሏችኋል። ሒሳብ ነው እኮ! ልጆቹ የከፈሉት ሒሳብ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ተከታታዩ በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ነው። የሠራው ሻፍት የተባለ ስቱዲዮ፣ የጻፈው ደግሞ ጌን ኡሮቡቺ ነው። ጃፓኖች ድንገት ኃይል አግኝተው ክፉን ስለሚዋጉ ልጃገረዶች መተረክ የጀመሩት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው፤ «ሴለር ሙን»ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ ተራ ተማሪ ናት። አንድ የሚያወራ እንስሳ ይመጣል። ኃይል ይሰጣታል፤ ልብሷ ያበራል፤ ታሸንፋለች፤ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ማንም ምንም አልከፈለም።

ኡሮቡቺ ይህን ልማድ ይዞ አንድ የገበያ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦ ቆይ፣ ይህን ኃይል የሚሰጠው ማን ነው? እሱስ ምን ያገኝበታል?

ኪዩቤ የሚባል ነጭ፣ ድመት መሳይ ፍጡር ወደ ልጃገረዶች ይቀርባል። የፈለግሽውን አንድ ምኞት እፈጽምልሻለሁ፣ በምትኩ ከጠንቋዮች ጋር ትዋጊያለሽ ይላል። ቀላል ውል ነው። የማይነገራት ግን ብዙ ነው። ስትፈርም ነፍሷ ከሥጋዋ ወጥታ ዕንቁ ውስጥ ትገባለች። ዕንቁዋ በሐዘን እየጠቆረ ይሄዳል፤ ጨርሶ የጠቆረ ዕለት ልጅቷ ራሷ ጠንቋይ ትሆናለች። ስትገድላቸው የኖረችው ጠንቋዮችም ትናንት እንደ እሷ የፈረሙ ልጆች ነበሩ። ኪዩቤ ደግሞ አንዲት ልጅ ከተስፋ ወደ ተስፋ መቁረጥ ስትወድቅ የሚወጣውን ጉልበት ይሰበስባል፤ ሥራው ያ ነው። የሚገርመው አይዋሽም። ለምን ደበቅከን ሲሉት፣ አልጠየቃችሁኝም ነው መልሱ።

እስኪ ቆም በሉ። ይህን መልስ የሰማችሁት ከጃፓን ካርቱን ብቻ ነው?

ከወልድያ፣ ከቆቦ፣ ከሐብሩ፣ ከእኛም ከላስታ ወደ ዓረብ አገር የሄዱትን ልጆች አስቧቸው። ደላላው ሲመጣ ጅብ መስሎ አይመጣም። ለስላሳ ነው፤ ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴም ዘመድ ነው። ወሬ የሚጀምረውም «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ነው። የእማዬ ቤት ቆርቆሮ እንዲለብስ። ወንድሜ ትምህርቱን እንዲጨርስ። አባባ ዕዳውን እንዲከፍል። አያችሁ፣ ምኞቷ ለራሷ አይደለም። ታሪኩ ውስጥ ያለችው ሳያካም እንዲሁ ናት፤ ምኞቷን የሰጠችው እጁ ተጎድቶ ቫዮሊን መጫወት ላቃተው ልጅ ነው። እጁ ዳነ፤ እሷን ግን ዞር ብሎ አላያትም።

የእኛዋም ልጅ ትፈርማለች። ፓስፖርቷን አሠሪዋ እንደሚይዘው አይነገራትም። ከፋላ በሚሉት ሥርዓት ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መቀየር፣ ከዚያ አልፎ ከአገር መውጣት እንኳ እንደማትችል አይነገራትም። በባሕር ለሚወስዳትም ኦቦክ ላይ ስንት ሰው እንደቀረ አይነግራትም። ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሳ መንገድ ላይ አግኝታው ብትጠይቀው ምን ይላታል? «አልጠየቅሽኝማ!» እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ቦሌ ላይ የወረደው ሕዝብ፣ ወንዱም ሴቱም፣ እያንዳንዱ አንድ ምኞት ይዞ የወጣ ሰው ነበር።

ስለዚህ ለላስታ ልጅ ይህ ታሪክ ተረት አይሆንባትም። ውሉን ታውቀዋለች። ጨለማውን ቀንሶ የሚነግራት ሰውም አላጣችም፤ ደላላው አለላት። የተከታታዩ የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ብሩህ ናቸው፤ ሻይ አለ፣ ኬክ አለ፣ የሚያምር ልብስ አለ። ደላላው ሁልጊዜ የሚያሳየው እነዚያን ሁለት ክፍሎች ነው። 3ኛውን የሚያሳያት ሰው ነው የጎደላት። እናንተ ደግሞ ካሜራ ተሸክማችሁ መጥታችሁ ያንኑ ሁለቱን ልታሳዩአት?

«ጃፓኖቹ ራሳቸው ፊልም አድርገውት የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሁለት ፊልም በተከታታይ አወጡ፤ የመጀመሪያው ከ1 እስከ 8 ያለውን ክፍል፣ ሁለተኛው ከ9 እስከ 12 ያለውን ይዟል። ሁለቱ ተደምረው አራት ሰዓት ይሆናሉ። ሥዕሉ እንደገና ተነካክቷል፤ አምሯል። ታሪኩን ግን አልነኩትም። የሚሞቱት ይሞታሉ፤ የሚጠቁረው ይጠቁራል። ልብ በሉ፦ ባለቤቶቹ በአራት ሰዓት የተናገሩትን ነው እናንተ በሁለት ሰዓት የምትሉት። ምን ልትቆርጡ ነው? መልሱን ራሳችሁ ነግራችሁኛል።

እንዲያም ሆኖ የእነሱም ፊልም የጎደለው ነገር አለ። 3ኛው ክፍል ላይ ታላቋ ልጅ ማሚ (ስሟ ነው፤ አትሳቁ) በአንድ ቅጽበት ትገደላለች። በቴሌቪዥን ያየ ሰው ያን ይዞ አንድ ሳምንት ተቀምጧል። ከ10ኛው ክፍል በኋላ ደግሞ የመጋቢት 2011ዱ የምሥራቅ ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደረሰ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች እስከ ሚያዝያ ድረስ ሳይታዩ ቆዩ። ያ 10ኛ ክፍል ሆሙራ የተባለችው ልጅ ጓደኛዋን ለማዳን አንዱን ወር ደጋግማ ስትኖረው የሚያሳየው ነው። በየሳምንቱ መጀመሪያ ላይ እንደ ልጆች መዝሙር ስንሰማው የኖርነው ዘፈን እዚያ መጨረሻ ላይ ይመጣና የእሷ መሐላ እንደነበር ይገባናል። ፊልም ውስጥ ለሳምንታት የተሰማ ዘፈን ሊኖር አይችልም፤ ሰዓቱ አይበቃም። ፊልም ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚሄደው ትዕግሥት ነው። ይህ የሥራው ጠባይ ስለሆነ አልቆጣም። ትዕግሥቱም ዋጋውም አብረው ሲሄዱ ነው የምቆጣው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር። «ምን የጃፓን ተረት ታመጡብናላችሁ! የራሳችን ሞልቶ የለ!» የምትሉ አላችሁ። ለእናንተም መልስ አለኝ። እጨጌ ዕንባቆም የተባሉት የደብረ ሊባኖስ አባት ከየመን የመጡ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1553 «በርለዓም ወይዋሰፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ያ መጽሐፍ ሥሩ የት ነው? ሕንድ፤ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተላለፈ፣ ክርስትና እየለበሰ መጥቶ እኛ ጋ ደረሰ። የሩቅ ምሥራቅን ታሪክ ተቀብሎ የራስ ማድረግ እዚህ አገር ቢያንስ 450 ዓመት ያለፈው ሥራ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክን ድራማ በአማርኛ ሲያስወራ የጀመረ አይምሰላችሁ።

ማሳጠርም አዲስ ነገር አይደለም። ስንክሳር ምንድን ነው? ሙሉ ገድል ቀናት ይወስዳል፤ ስንክሳሩ ግን የዕለቱን ቅዱስ በአጭሩ ተርኮ ያሰናብታችኋል። (ካርቱንን ከቅዱሳን ጋር አነጻጸረ ብላችሁ እንዳትጮኹብኝ። ስለ አተራረክ ነው የማወራው።) ግን ስንክሳሩ ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደማያስቀር አስተውላችኋል? የመንገዱን ርዝመት ያስቀራል። ንግግሩን ያስቀራል። ከአሥር ተአምር ሁለቱን ይዞ ስምንቱን ያስቀራል። ሰማዕቱ የተሰየፈበትን፣ የተቃጠለበትን፣ የተራበበትን ግን አያስቀርም። ዋጋውን ያስቀረ ስንክሳር የማን ቀን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። አባቶቻችን የማሳጠርን ሕግ ጽፈው አልተዉልንም፤ ሠርተው ነው ያሳዩን፦ ሁሉን ቁረጥ፣ ተጋድሎውን አትንካ።

ሌላም ነገር አለ። በገድል ሥርዓት ቃል ኪዳን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቅዱሱ ይጋደላል፣ ዋጋውን አውቆ ይከፍላል፣ ከዚያ ቃል ኪዳን ይሰጠዋል፤ ያውም ለራሱ ሳይሆን ስሙን ለሚጠሩ ሰዎች። የኪዩቤ ውል ተገላቢጦሽ ነው፤ ፊርማው ይቀድማል፣ ሒሳቡ በኋላ ይመጣል። ለዚህ ነው ማዶካ የምትለየው። 12 ክፍል ሙሉ ሳትፈርም ትቆያለች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲከፍሉ ታያለች። ሁሉን ካወቀች በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ትፈርማለች፤ ምኞቷም ያለፉትም የሚመጡትም ልጃገረዶች አንዳቸውም ጠንቋይ ሳይሆኑ እንዲያርፉ ነው። ከዚያ በኋላ ትጠፋለች። እናቷ እንኳ አታስታውሳትም፤ የምታስታውሳት ሆሙራ ናት። ትንሽ ወንድሟ ደግሞ ማን እንደሆነች ሳያስረዳ አፈር ላይ ሥዕሏን ይሥላል።

የውጭ ተቺዎች ይህን መጨረሻ ለመግለጽ ሲቸገሩ አያለሁ፤ ሞተች ይላሉ፣ አምላክ ሆነች ይላሉ። ነአኩቶ ለአብ ደጅ ያደገ ሰው አይቸገርም። ስለ ንጉሡ በእኛ ዘንድ የሚነገረው «ሞተ» ተብሎ ሳይሆን «ተሰወረ» ተብሎ ነው። ማዶካም ተሰወረች። ቃሉ አለን። ታሪኩን ከማንም በተሻለ በአማርኛ መንገር እንችላለን የምለው በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ ግን ቃሉን ትታችሁ ዋሻውን ብቻ ነው የፈለጋችሁት፤ ውሃው ከጣሪያው ጠብ ሲል በድሮን ለማንሣት። ያ ውሃ ክረምት ከበጋ የድንጋይ ገንዳ ላይ የሚንጠባጠብ ጸበል ነው። የውጊያ ማድመቂያ አይደለም።

ወደ ዋናው ክርክራችሁ ልምጣ፤ «ሕዝባችን በቂ ጨለማ አይቷል» ወደምትሉት። ይህን ቀልዳችሁ እንዳላላችሁት አውቃለሁ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ለወራት መብራት አልነበረም። እዚህ ያለ ልጅ ጨለማን ከፊልም አልተማረም። ግን ከዚህ ተነሥታችሁ የደረሳችሁበት መደምደሚያ የተገለበጠ ነው። መከራ ያየ ሰው ቤት ለቅሶ ስትሄዱ ቀልድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ሟቹን ታነሣሳላችሁ፤ እንዴት እንደነበር ትጠይቃላችሁ፤ ሙሾ አውራጇ ስሙን ጠርታ፣ ሥራውን ዘርዝራ ታስለቅሳችኋለች። ከዚያ ነው ሰው የሚጽናናው። አላየህም፣ አልሆነም፣ ተረሳ ማለት ማጽናናት አይደለም። እዚህ አገር ልጆች የማይታመኑት ስለ ጨለማ ሲናገሩ ነው፤ በፊልምም ስትክዷቸው ሁለተኛ ጊዜ ይሆናል።

ለትንንሾች የሚሆን ብሩህ ነገር አይኑር አላልኩም። ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠራችበት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» የሚል ካርቱን ሠርቷል፤ የእኛው ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች ናቸው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን ነውር የሚያደርገውን ልማድ ይዋጋሉ። ጥሩ ሥራ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ኃይል እንዳላት መንገር ተገቢ ነው። 15 ዓመት ሲሞላትና አንድ ሰው «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲላት ግን ሌላ ታሪክ ያስፈልጋታል። የምንጣላው ስለዚያኛው ታሪክ ነው።

የሴት ልጅን ጨለማ ታሪክ ፊልም ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በእውን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ለጋብቻ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል በጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለችው። መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ለቀቃት። በጊዜው ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ሴቶች ለዓመታት ከታገሉ በኋላ በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያ ቀዳዳ ተደፈነ። የአበራሽ ጉዳይ ብቻውን አልደፈነውም፤ ግን አገር ጆሮውን እንዲሰጥ ካደረጉት አንዱ እሱ ነው።

ማዶካ መጨረሻ ላይ ሕግ ነው የምትሆነው። ልጃገረዶች በእሷ ሕግ ውስጥ ይኖራሉ፤ ስሟን አያውቁም። ዛሬ ጠልፎ በማግባት ማምለጥ በማይቻልበት ሕግ ሥር ከሚኖሩ ልጃገረዶች ስንቶቹ ናቸው አበራሽ የሚለውን ስም የሚያውቁት?

ከዚያ ፊልሙ መጣ። «ድፍረት»ን የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይም በርሊን ላይም የተመልካች ሽልማት አገኘ። የልጅቷ ስም ፊልሙ ላይ ሂሩት ሆነ። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰዉ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ባለታሪኳ ፈቃዴን አልጠየቁኝም ብላ በአደባባይ ተናገረች። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። ጥሩ ፊልም ነው፤ ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ የሠሩትም በክፋት ሠሩት አልልም። ግን የከፈለችው ሴት በሕይወት ሳለች፣ በር ላይ ቆማ «እኔስ?» ማለቷ ለፊልም ሠሪ ሁሉ ትምህርት መሆን ነበረበት።

የሚገርመው ጃፓኖቹም እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው የደረሱት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ሦስተኛ ፊልም አወጡ፤ አዲስ ታሪክ ነው። ሆሙራ የጓደኛዋን መሰወር አልቀበልም ብላ ማዶካን ከሆነችው ሕግ ውስጥ ጎትታ ታወጣታለች። በፍቅር ነው ያደረገችው። ግን አልጠየቀቻትም። ከፍቅር የተነሣም ቢሆን ሳይጠይቁ መውሰድ ሌላ ዓይነት ውል ነው፤ ያን ፊልም ከሚያሰለፉት የበለጠ ደፋር የሚያደርገውም ሆሙራን ጀግና ብሎ አለማጨብጨቡ ነው። እኛ ጋ ግን «ለበጎ ነው» ካልን ጥያቄው ይዘጋል።

እንግዲህ ፊልሙን ሥሩ። ስትሠሩ ግን እነዚህን ያዙልኝ።

1ኛ፦ ዋጋውን አትቁረጡ። ሰዓት ካጠረ ውጊያውን ቁረጡ፤ ልብስ የሚቀየርበትን ቁረጡ፤ ድሮኑን ቁረጡ።

2ኛ፦ ኪዩቤን ጭራቅ አታድርጉት። ቀንድ ካበቀላችሁለት ልጆቻችን ቀንድ ያለው ደላላ ሲጠብቁ ይኖራሉ። ለስላሳ ይሁን። ትሑት ይሁን። የሰፈር ሰው ይሁን።

3ኛ፦ የእውነተኛ ልጅ ታሪክ ከነካችሁ፣ ከፊልሙ በፊት ሄዳችሁ ጠይቋት። ስሟ ይጠራ ካለች ጥሩት፤ አይጠራ ካለች ተዉት። ውሳኔው የእሷ ነው።

4ኛ፦ ላስታን እንደ መጋረጃ አትዘርጓት። ድንጋዩን ከፈለጋችሁ ቃሉንም ውሰዱ፤ ውልንና ኪዳንን፣ መሞትንና መሰወርን የሚለየውን ቃል።

ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ግን ተከታታዩን እንዳለ ተርጉማችሁ በስልክ ልቀቁልን። የእኛ ልጆች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጡ 12ቱንም ክፍል ያያሉ። 3ኛው ላይ ይደነግጣሉ፤ 10ኛው ላይ ያለቅሳሉ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ለስላሳ ሰው መጥቶ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው፣ እነሱም መልሰው ይጠይቁታል፦ «አንተስ ምን ታገኝበታለህ?»